ሶሪያሲስ ያለባችሁ ባለትዳር ሴቶች፣ መኝታ ላይ እንዴት ነው ምትሆኑት?

ስሜ ይቅር
እህቶች በስሜ መጠየቅ አፍሬ ነው። ሶሪያሲስ (ቆዳ እያቀላ ቅርፊት የሚያወጣው በሽታ) ከያዘኝ 6 ዓመቴ ነው፣ በፊት ክርኔና ጉልበቴ ላይ ብቻ ነበር፣ ካገባሁ ወዲህ ግን ብልቴ አካባቢም ወጣብኝ። እዛ ደሞ አይቀረፍም፣ ቀልቶ ዝም ብሎ ያቃጥላል። ፋርማሲ ፈንገስ ነው ብለው የሰጡኝን ክሬም ሁለት ቱቦ ጨረስኩ ምንም የለም። መብራት ካልጠፋ ባሌን አልጠጋውም፣ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ከክርኔና ከጉልበቴ አንሶላው ላይ የረገፈውን ቅርፊት በእጄ እጠርጋለሁ። ከተገናኘን በኋላ ሁለት ቀን ስለሚያመኝ ፆም ነው እላለሁ፣ ፆሙ ሲፈታ ደሞ ራሴን አመመኝ። ባለፈው «ሌላ ሰው አለሽ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው?

የማር እናት
አይዞሽ የኔ እናት፣ እኔም 11 ዓመቴ ነው። እዛ ቦታ እርጥበት ስላለ ቅርፊት አይሰራም፣ ለዛ ነው ከፈንገስ ጋር ሚያምታቱት። በናትሽ ለክርንሽ የታዘዘ ክሎቤታሶል (በጣም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት) ካለሽ በራስሽ እዛ እንዳትቀቢው፣ እኔ ቀብቼው ቆዳዬ ሳስቶ ሽንት ሲነካው አስጮኸኝ። በኋላ የቆዳ ሐኪም ታክሮሊመስ የሚባል ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት አዘዘችልኝ፣ መጀመሪያ ያቃጥላል ግን ለኔ ሰርቷል።

ትዕግስት ነው
እኔ ብሆን ለባል አልናገርም፣ ወንድ ልጅ አንዴ ከተፀየፈ አይመለስም። ፀበል ሞክሪ።

የማር እናት
ፀበሉን ትሂድ ማን ከለከላት፣ ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ይዛለች ብሎ እያሰበ ዝም ትበል ነው ምትይው?

ነርሷ
ሐኪም አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር፣ ቆዳ በተፋተገበት ቦታ ሶሪያሲስ ሊነሳ ይችላል ስለዚህ ሲብስብሽ ጥቂት ቀን እረፉ፣ ሲሻልሽ ደሞ ሽታ የሌለው በውሃ የተሰራ ማለስለሻ ተጠቀሙ። ኮንዶም ምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊን አይሆንም ላቴክሱን ያበላሸዋል። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የሶሪያሲስ መድኃኒት ሊያዙልሽ ካሰቡ ደሞ ልጅ እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በሱ ላይ ማርገዝ አደገኛ ነው።

ስሜ ይቅር
ነገርኩት። መጀመሪያ ያለኝ «ወደኔ ይተላለፋል?» ነው፣ እውነት ለመናገር ከፋኝ። አይተላለፍም አልኩት፣ ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ክሬሙን የት እንደማስቀምጥ ጠየቀኝ፣ ለካ ቁምሳጥን ውስጥ ስደብቅ አይቶኛል። ማክሰኞ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል አብረን ልንሄድ ነው። ካርድ ለማውጣት ጠዋት ስንት ሰዓት ብንደርስ ይሻላል?