ሲ3281 እና ኤ1302 ትራንዚስተር የት ይገኛል? ለቤተ ክርስቲያን አምፕሊፋየር ነው

የቢቸናዋ ጠጋኝ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቢቸና ላይ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የድምፅ መሣሪያ መጠገኛ ቤት አለኝ። አሁን ጠረጴዛዬን የያዘው ከከተማው ራቅ ካለ የገጠር ደብር የመጣ አምፕሊፋየር ነው። እስከ አስፋልቱ በሰው ትከሻ፣ ከዚያ በባጃጅ ነው ያደረሱት። ትራንስፎርመሩ ብቻውን ሰው ያንገዳግዳል። እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ለአንድ ትራንዚስተር ሲባል መጋዘን ሲገባ ማየት አልፈልግም።

የግራው ቻናል ደኅና ነው። የቀኙ በጄኔሬተር ሲሠራ ሳለ ተቃጠለ። በአንድ ቻናል ሞንታርቦውን የሚነዱ ሦስት ሲ3281 እና ሦስት ኤ1302 ትራንዚስተሮች አሉ፤ ሲዎቹ በፖዘቲቩ፣ ኤዎቹ በኔጌቲቩ ወገን። ከቀኙ ሁለት ሲ እና አንድ ኤ ሾርት ሆነዋል፤ ሁለት ባለ 0.22 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተሮችም ተቆርጠዋል። ስድስቱንም ትራንዚስተሮች ነቅዬ ኃይሉን ስለካው በአንድ በኩል +72፣ በሌላው -72 ቮልት ሰጠኝ። ትራንስፎርመሩና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ጤነኞች ናቸው ማለት ነው።

ችግሬ ትራንዚስተሮቹ ናቸው። ቢቸና ላይ የሉም፤ ደብረ ማርቆስም አስፈልጌ አጣሁ። በኋላ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ላከልኝ። ጽሑፉ ሲ3281 ይላል፣ ፊቱ ያብረቀርቃል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ሳለ በደንብ ሠሩ፤ ከፍ ሳደርገው ግን ሁሉም እንደገና ሾርት ሆኑ። አንዱን በፒንሳ ሰብሬ ውስጡን አየሁት፤ ሥራውን የሚሠራው ቁራጭ፣ ሲሊኮኑ፣ ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። በመጀመሪያ የተቃጠለውን ዋናውን ሰብሬ ጎን ለጎን ሳስተያያቸው ንዴት ያዘኝ። ገንዘቡ ከሙዳየ ምጽዋት የወጣ ነው፤ አስመስሎ የሚሠራው ሰው ይህን አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓላቸው ነው። ሕዝቡ ከግቢው አልፎ ሜዳው ላይ ስለሚቆም ያለ ድምፅ ማጉያ ስብከቱ ከዐውደ ምሕረቱ አይርቅም። ቄሰ ገበዙ ከዚያ በፊት እንዲደርስላቸው ለምነውኛል። ዋናው ሲ3281 የት ይገኛል? ከሌለስ በምን ልተካው? ስድስቱንም መቀየር አለብኝ ወይስ የሞቱትን ብቻ? ፎርጅዱን ሳልበይደው በፊት የምለይበት መንገድ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ዘማርቆስ፦

እኅቴ፣ እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ በዚሁ ሥራ ነኝ። አዲስ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት የሞቱ ቦርዶችን ፈልጊ። ድሮ ካሴት ይሸጡ ከነበሩ ሙዚቃ ቤቶች የወጡ አምፕሊፋየሮች አሁንም በየጓዳው አሉ። ቆራሌው በኪሎ ገዝቶ የማቀዝቀዣ አሉሚኒየሙን ሳይፈታ በፊት ከደረስሽበት ትራንዚስተሩን ከነሬዚስተሩ ታገኛለሽ። እኔ ለሰፈሬ ቆራሌዎች «ከባድ ትራንስፎርመር ያለው ሣጥን ስታገኙ መጀመሪያ ለእኔ አሳዩኝ» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከብረት ዋጋው ትንሽ ጨምሬ እወስዳለሁ። ሃያ ዓመት ሠርቶ ያልሞተ ትራንዚስተር ሱቅ ውስጥ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ይታመናል። ስትነቅዪው ግን አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ አዲስ ሊድ ጨምረሽ አሮጌውን አቅልጪ፣ ከዚያ ምጠጪው። እግሩን እየወዘወዙ መጎተት ውስጡን ይጎዳዋል።

እኔ ዘንድ ከአንድ የሞተ አምፕሊፋየር የነቀልኳቸው ሲ5200 እና ኤ1943 አሉ። ከሆኑሽ በመኪና ሰው አስይዤ እልክልሻለሁ።

ጣና ዳር፦

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። የሲ3281ን ፍለጋ እዚህ ላይ አቁሚው። ቶሺባ ይህን ትራንዚስተር ማምረት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በቦታው ያወጣው ሲ5200ን ነው፣ ለጥንዱም ኤ1943ን። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሆኖ በገፍ የሚሸጥ ሲ3281 ስታዪ መጠርጠር ነው። ፎርጅድ የሚሠሩትም ይህንኑ ያውቃሉ፤ ጠጋኝ ቁጥሩን ይዞ ስለሚሄድ ቁጥሩን ይጽፉለታል።

ምትክ ስትመርጪ መጀመሪያ ቮልቱን አስዪ። አንቺ ዘንድ +72 እና -72 ነው። ድምፁ ጫፍ ሲነካ አንደኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ይከፈትና የተዘጋው ወገን የሁለቱን ድምር፣ 144 ቮልት ይሸከማል። 72 ብቻ አይቶ ባለ 100 ቮልት ትራንዚስተር የሚገጥም ሰው አለ፤ ድምፁ ከፍ ሲል ዕቃው ይቃጠላል። ሲ3281 200 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት ነው። ሲ5200 ደግሞ 230 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት። የአካሉ ስፋትም የእግሩ ቅደም ተከተልም አንድ ስለሆነ ቀዳዳ ሳትበሺ ይገባል። መጨረሻው ላይ «ኤን» የሚል ፊደል ያለበት ካጋጠመሽ በሥራው ያው ነው፣ አካሉ ግን ጠበብ ስለሚል አያያዙን ማስተካከል ይኖርብሻል። ከኦንሰሚ ደግሞ ኤምጄኤል3281ኤ እና ኤምጄኤል1302ኤ አሉ፤ 260 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 200 ዋት። ከተገኙ ከሁሉም የምወደው እነርሱን ነው። ኤምጄኤል21194 የሚሰጥሽ ሰው ካለ ግን ለዚህ ቦታ አትውሰጂ። በጉልበት ብርቱ ነው፣ በፍጥነት ግን ከሲ3281 ብዙ ይዘገያል፤ ሰርኪዩቱ ደግሞ የተሰላው ለፈጣኑ ነው።

የቀኙን ቻናል ስድስቱንም ቀይሪ። ሦስቱ ትይዩ ሆነው ሸክም ይካፈላሉ፤ አንዱ የተለየ ሲሆን ቶሎ የሚከፈተው የሌሎቹንም ድርሻ ይወስድና ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይከፈታል፣ ከዚያ የምታውቂው ነው። ሲዎቹን ከሲዎቹ፣ ኤዎቹን ከኤዎቹ ጋር በማጉላት መጠናቸው ለክተሽ የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጊ።

ፎርጅድ መለያው በእጅሽ አለ። ከቀኙ ቻናል የተረፉትን አንድ ሲ እና ሁለት ኤ አትጣያቸው፤ ዋናዎች ናቸው፣ ሚዛንሽ እነርሱ ይሁኑ። ስክሪን ያላት ትንሿ የዕቃ መለኪያ ካለችሽ ከሦስቱ እግሮች በሁለቱ፣ በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለውን የካፓሲተር መጠን ታሳይሻለች። ትልቅ ሲሊኮን ትልቅ መጠን ይሰጣል። አዲሱ ከዋናው ሲሶውን እንኳ ካላሳየ መልሺው። እርሷ ከሌለችሽ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገሽ በአንድ ዓይነት ሙቀት አስተያዪ፤ ትንሽ ሲሊኮን ከፍ ያለ ቁጥር ያነባል። በእጅሽም መዝኚው፤ የፎርጅዱ የጀርባ መዳብ ቀጭን ስለሆነ ይቀላል። ስትገዢም ከየዓይነቱ አንድ ትርፍ ግዢና ያንን ስበሪው። አንድ ትራንዚስተር ማጣት ስድስት ከማጣት ይሻላል።

ስትገጥሚ መጀመሪያ ከኋላቸው የሚነዷቸውን ትንንሾቹን ትራንዚስተሮችና የቤዝ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለኪ። የውጤቱ ትራንዚስተር ሲሞት ብቻውን አይሄድም። ሳትለኪያቸው አዲስ ከገጠምሽ ኦሪጅናሉም እንደ ፎርጅዱ ይቃጠልብሻል።

ከሲኒማ ራስ ጀርባ፦

የደጀን ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ እሠራለሁ። ሙያውን የማያውቅ ዘመድ እንዲገዛላችሁ አትላኩ። ባለ ሱቁ «ኦሪጅናል ነው?» ሲባል አዎ ይላል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ አያውቅም፣ ከጅምላ ሻጩ የተነገረውን ነው የሚደግመው። የሚሻለው ጥያቄ «ካልሠራ ትመልሳለህ?» ነው። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ። እዚህ አካባቢ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ዕቃ ለይተው የሚሸጡ አሉ፤ ምናለሽ ተራም ሙሉ የሞተ አምፕሊፋየር ይገኛል። የተነቀለው እግሩ አጭር፣ ጀርባው ላይ የአሮጌ ሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ምልክት ያለበት ነው። ቆንጆ አይደለም፣ ግን ታሪክ አለው።

ከውጭ ማስመጣት ለሚፈልግ ደግሞ፣ ከፋብሪካው ጋር ውል ካላቸው አከፋፋዮች፣ ለምሳሌ ከሙዘር ወይም ከዲጂኪ የሚመጣ ዕቃ ፎርጅድ ይሆናል የሚል ሥጋት የለበትም። ዋጋውን የሚያከብደው ማጓጓዣው ነው፤ ለስድስት ትራንዚስተር ብቻ ማዘዝ አያዋጣም። የውጭ ምንዛሪ ክፍያውም ሌላ ራስ ምታት ነው። የጎጃም ጠጋኞች ዝርዝራችሁን አሰባስባችሁ አንድ ትእዛዝ ብታደርጉና ውጭ ያለ ዘመድ ከፍሎ በሚመጣ ሰው ቢልክ፣ ትራንዚስተር ቀላል ዕቃ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

እኅቴ፣ የምትፈልጊውን ጻፊልኝ። ሱቅ ላይ ለክቼ፣ ከማስመሪያ ጎን አድርጌ ፎቶውን እልክልሻለሁ፤ አይተሽ «ይሁን» ስትይ ብቻ እገዛለሁ።

ዳሞት፦

ከፍኖተ ሰላም። ሁላችሁም የምትሉት ልክ ነው፣ ግን ጊዜ የለም። መንገድ ከተዘጋ ዕቃው ከበዓሉ በኋላ ነው የሚደርሰው። ያለቀለት ዝግጁ የቻይና አምፕሊፋየር ቦርድ ገዝተሽ በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ብታስገቢውስ? እኔ ለሠርግ ቤቶች እንዲህ አድርጌ ሰጥቻለሁ፤ ይሠራል።

የቢቸናዋ ጠጋኝ፦

ዳሞት፣ ስለ ጊዜው ያነሣኸው እውነት ነው፤ እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ዝግጁ ቦርዶች ለዝቅተኛ ቮልት የተሠሩ ናቸው፣ 72 በሁለቱም በኩል አይችሉም። ትራንስፎርመሩን ልቀይር ማለት ነው፤ ያኔ ከአሮጌው የሚቀረው ሣጥኑ ብቻ ነው። ደግሞ የእነዚያ ቦርዶች ቺፕ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተፍቆ ነው የሚመጣው። ከዓመት በኋላ ቢቃጠል ማን ይጠግነዋል? ይህኛው ግን እያንዳንዱ ዕቃው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነቀል ነው። ለደብሩ የማስረክበው ዕቃ እኔ ባልኖርም ሌላ ጠጋኝ ከፍቶ የሚረዳው እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ዘማርቆስ፣ ሲ5200ዎቹን ላክልኝ፣ ዋጋውን ንገረኝ። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለኸው ወንድሜ፣ ዘማርቆስ የሚልክልኝ ካልተሟሉ የጎደለውን እጽፍልሃለሁ። ባለ 0.22 ኦም ሬዚስተሩን ከቆራሌው ሣጥን አግኝቻለሁ።

ጋሼ ጣና ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለካኋቸው፤ ከሚነዱት ትንንሾች አንዱ በእርግጥም ሾርት ሆኖ ተገኘ፣ ቀይሬዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የአምፕሊፋየሩ መመሪያ መጽሐፍ የለኝም። ሥራ ሳይኖረው የሚያልፈውን ትንሹን ኩረንት ስንት ላይ ላስተካክለው?

ጣና ዳር፦

መመሪያሽ የግራው ቻናል ነው። እርሱ ከፋብሪካ እንደወጣ አለ። ድምፁን ዘግተሽ፣ ሞንታርቦ ሳታገናኚ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይሙቅ፤ ከዚያ በባለ 0.22 ኦሙ ሬዚስተር ጫፎች ላይ ያለውን ሚሊቮልት ለኪና የቀኙን በዚያው ልክ አድርጊ። ከ5 እስከ 10 ሚሊቮልት ውስጥ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ያ ማለት ከ23 እስከ 45 ሚሊአምፔር ገደማ ነው።

መጀመሪያ ስታበሪው ግን ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል በ220 መስመሩ ላይ በተከታታይ አስገቢ። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፣ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ወዲያው አጥፊና ሾርቱን ፈልጊ፤ ትራንዚስተሮችሽ ገና አልሞቱም። የኩረንት ማስተካከያዋን ቪዳም ከመነሻው ዝቅተኛው ላይ አድርጊያት። ኩረንቱን የምታስተካክዪው አምፖሉን ካወጣሽ በኋላ ነው፤ እርሱ እያለ ቮልቱ ሙሉ አይደርስም። በመጨረሻ የሞንታርቦው መውጫ ላይ ዲሲ (ቀጥተኛ ቮልት) ለኪ፤ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ሞንታርቦ አታገናኚ።

ለቄሰ ገበዙም ንገሪያቸው፦ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ከረጋ በኋላ አምፕሊፋየሩ ይብራ፣ ጄኔሬተሩ ሳይጠፋ በፊት አምፕሊፋየሩ ይጥፋ። ነዳጅ አልቆ ሲንተፋተፍ አብሮት መሥራት የለበትም።

የቢቸናዋ ጠጋኝ፦

የዘማርቆስ ሲ5200 እና ኤ1943 ደርሰውኛል፣ ስድስቱም ተሟልተው፤ የካፓሲተር መጠናቸው ከዋናዎቹ ጋር ይቀራረባል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ። የግራው ቻናል 7 ሚሊቮልት ነው የሚያነበው፣ የቀኙንም እዚያው ላይ አድርጌዋለሁ። መውጫው ላይ ያለው ዲሲ በቀኙ 14፣ በግራው 11 ሚሊቮልት ነው። ነገ ከሁለቱ ሞንታርቦዎች ጋር አገናኝቼ ከፍ ባለ ድምፅ ቀኑን ሙሉ አሠራዋለሁ፤ አሉሚኒየሙ እጅ የማያስነካ ካልሆነ ለደብሩ ሰዎች እደውላለሁ። የጄኔሬተሩን ነገር በትልቁ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።