ጥቆማ፦ ከባንክ የሳንቲም ጥቅል ውስጥ ሲልቨርና ብርቅ ሳንቲም ለሚፈልግ የቱ ባንክ፣ የቱ ሳንቲም፣ የቱ ዕቃ?

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የታሸገ ሳንቲም ከባንክ በፊት ዋጋው (በላዩ ላይ በተጻፈው ዋጋ) ወስጄ፣ ፈትሼ፣ የቆየውንና ሲልቨሩን አስቀርቼ ሌላውን መልሼ ማስገባት ልጀምር ነው። መነሻዬ 200 ዶላር ነው። ትልቅ ባንክ ይሻላል ወይስ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር)? ከየትኛው ሳንቲም ልጀምር? ምን ዕቃ ልግዛ፣ የትኛውስ ገንዘብ ማባከን ነው? በተለይ መመለሱ ያሳስበኛል፤ ኮይንስታር (ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን) ብዙ ይቆርጣል ይባላል። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ የመመለሱን ነገር ከወዲሁ ማሰብሽ ጥሩ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሳንቲሙን ከየት እንደሚያገኝ ነው። ብዙውን ጀማሪ የሚያስቆመው ግን ፈትሾ የጨረሰውን የሚረከበው ሲያጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመለሻሽን አመቻቺ፣ መውሰጃሽን ከዚያ ፈልጊ። ሁለቱን አንድ ቅርንጫፍ አታድርጊያቸው። ያስገባሽው ሳንቲም በሚቀጥለው ሳምንት ለራስሽ ተመልሶ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ሳንቲም የሚያዝልሽ ሠራተኛም ያንኑ መልሰሽ ስትከምሪበት ትዕዛዝሽን መቀበል ይተዋል።

ለመመለሻ ክሬዲት ዩኒየን ይሻላል። ብዙዎቹ የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን አላቸው፤ ለአባል በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ይቆጥርና ደረሰኝ ያወጣል፣ ደረሰኙን ለቴለር ሰጥተሽ ሒሳብሽ ውስጥ ይገባል። ሒሳብ ከመክፈትሽ በፊት ግን ማሽኑ የትኛው ቅርንጫፍ እንዳለ፣ ለአባል ስንት እንደሚቆርጥ፣ በቀን ጣሪያ እንዳለው፣ ግማሽ ዶላር ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ግማሽ ዶላር የማይቀበል ማሽን አለ፤ ያኔ 1,000 ፍሬ በእጅ መጠቅለል ይመጣል። ሳትደውዪም አትሂጂ። ከሥር ያለው ከረጢት ሲሞላ ማሽኑ ይቆማል፤ 10 ኪሎ ኒክል (ባለ 5 ሳንቲም) ይዞ መመለስ ያሳዝናል።

ኮይንስታር በጥሬ ገንዘብ ከከፈለሽ ከ12 በመቶ በላይ ይወስዳል። ከ100 ዶላር ኒክል ከ12 ዶላር በላይ ሄደ ማለት ነው፤ የአንድ ካርቶን ግኝት ይህን እምብዛም አያካክስም። የስጦታ ካርድ ከመረጥሽ ግን ክፍያ የለውም። ለማንኛውም የምትሸምቺበት መደብር ካርድ ካለ በችግር ጊዜ ይጠቅማል። በማሽኑ አጠገብ ስታልፊ የሚተፋበትን ሳህን እዪ፤ ሲልቨርና የውጭ አገር ሳንቲም አላነብ ብሎት የሚጥለው እዚያ ነው።

ለመውሰጃ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ባንክ ይመቻል። በር ላይ ያለውን ቴለር ከማስጨነቅ ደውለሽ የካዝናውን ኃላፊ ጠይቂ፦ ትዕዛዝ በምን ቀን ይዘጋል፣ ሳንቲም የሚያመጣው መኪና በምን ቀን ይመጣል፣ በግል ሒሳብ ላይ የካርቶን ክፍያ አለው ወይ። በንግድ ሒሳብ ላይ በጥቅልም በካርቶንም ማስከፈል የተለመደ ነው፤ በግል ሒሳብ ላይ ብዙ ጊዜ አያስከፍሉም። በአንዱ ባንክ ሁለት ቅርንጫፍ እንኳ መልሱ ይለያያልና አንዱ እምቢ ስላለ ባንኩን አትተዪው። ዓርብ ከሰዓት፣ ወር መጀመሪያና መዝጊያ ሰዓት ላይ አትሂጂባቸው።

ሌላው፣ ካርቶኑ ላይ የአጓጓዡን ስም አንብቢ፤ ብሪንክስ ወይም ሉሚስ ይላል። ሁለት ባንክ ከአንድ አጓጓዥ የሚያመጡ ከሆነ ሳንቲማቸው ከአንድ ቋት ነው፤ ባንክ በመቀየርሽ የተለየ ሳንቲም አታገኚም። የተለየ ከፈለግሽ አጓጓዥ ቀይሪ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ደንበኛ በእጁ ጠቅልሎ ያስገባው ነው። የአንድ ቤት የቆየ ቁጠባ ሳይበረዝ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ባንክ በገባሽ ቁጥር «በእጅ የተጠቀለለ አላችሁ?» ማለት አትርሺ።

ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ የምትሠሩ ወገኖች ካላችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከካሸሩ ሳጥን በእኩል ዋጋ መለወጥ ትችላላችሁ። ባለቤቱ ሳያውቅ ግን አይሆንም።

መልስ (አትላንታ)

ስለ ባንኩ ወንድሜ ጨርሶታል፣ እኔ በሳንቲሙ ላይ ልጨምር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ200 ዶላር ከኒክል ጀምሪ። አንድ ካርቶን 100 ዶላር ነው፤ 50 ጥቅል፣ በጥቅሉ 40 ፍሬ፣ በጠቅላላ 2,000 ፍሬ። ግማሹ ገንዘብሽ እጅሽ ላይ ይቀራል፤ መመለሱም ቀላል ነው፣ ኒክል የማይቀበል የለም።

ከኒክል የምትፈልጊው በመጀመሪያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኒክል ነው። ከ1942 አጋማሽ እስከ 1945 ኒክል የተባለው ማዕድን ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ 35 በመቶ ሲልቨር ገባበት። መለያው ጀርባው ላይ ካለው ቤት ጉልላት በላይ የተቀመጠ ትልቅ ፊደል ነው፤ ፒ፣ ዲ ወይም ኤስ (የፊላደልፊያ፣ የዴንቨር ወይም የሳን ፍራንሲስኮ ሚንት፣ ማለትም ሳንቲም ማተሚያ፣ ምልክት)። የፊላደልፊያ ሚንት ፒ ፊደልን በአሜሪካ ሳንቲም ላይ ያተመው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። (በዚያው ጦርነት ዘመን የእኛንም የ1936 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ያተመው ይኸው ሚንት ነው።) 1942 ላይ ሁለቱም ዓይነት አለና ዓመቱን ብቻ አይተሽ አትቸኩዪ፤ ፊደሉን እዪ። ሚዛን እዚህ ላይ አይረዳሽም፣ ሁለቱም 5 ግራም ናቸው። ብዙ ያገለገለው ጠቆር ይላል፤ በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ከሌሎቹ ጠቁሮ የታየሽን አውጥተሽ አገላብጪው።

ቀጥሎ እስከ 1938 የነበረው ባለ ጎሽ ኒክል ነው። ዓመቱ ጎላ ብሎ የወጣ ስለነበር አብዛኛው ተፍቋል፤ ቢሆንም አስቀምጪው። ጎሹን ከተካው ከጄፈርሰን ኒክል 1938-ዲ (ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው የሚንቱ ፊደል ነው)፣ 1938-ኤስ፣ 1939-ዲ እና 1950-ዲ ዋናዎቹ ናቸው፤ 1950-ዲ የታተመው 2.63 ሚሊዮን ብቻ ነው። በቅርቡ ከወጡት 2009ን ያዢ፤ ያን ዓመት የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበር ከሁለቱም ሚንት የወጣው ኒክል ተደምሮ ወደ 87 ሚሊዮን ነው፣ ለኒክል ትንሽ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም የሚያብረቀርቅና የአንድ ዓመት ከሆነ ከሚንት በቀጥታ የመጣ ነው። ሁለት ሦስት ጥቅል ፍቺ፤ ዓመቱ አንድ ከሆነ የቀረውን ሳትፈቺ መልሺ።

መልስ (ዳላስ)

በኒክል አልስማማም። ሲልቨር ለሚፈልግ ሰው ግማሽ ዶላር ነው። ምክንያቱም ሰው ስለማይገበያይበት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይኖርና ሳይመረጥ ወደ ባንክ ይመለሳል። እስከ 1964 ያለው 90 በመቶ ሲልቨር፣ ከ1965 እስከ 1970 ያለው 40 በመቶ ነው። (1970-ዲ ለሰብሳቢ በሚሸጥ ስብስብ ብቻ ነው የወጣው፤ ካገኘሽው ለብቻው አስቀምጪ።) ከ1971 ወዲህ ሲልቨር የለውም፤ ግን ከ2002 እስከ 2020 ሚንቱ ለዝውውር ስላላወጣው እነዚያን ዓመታት ያገኘ ሰው ለስብስብ ይይዛቸዋል። የ1987ም እንዲሁ።

ካርቶኑ 500 ዶላር ስለሆነ አሁን አቅምሽ አይደርስም፤ የሚያዝልሽ ቅርንጫፍም ጥቂት ነው። ስለዚህ በየቴለሩ ሳጥን ውስጥ ያለውን ያልተጠቀለለ ግማሽ ዶላር ጠይቂ። አምስትም አሥርም ቢሆን ውሰጂ፤ ሳጥናቸውን ስለሚያጣብብ ደስ ይላቸዋል።

ስትፈትሺ ጥቅሉን ፈትተሽ ፍሬዎቹን ደርድረሽ ጠርዛቸውን እዪ። ተራው ሳንቲም በጠርዙ ላይ የመዳብ ቡናማ መስመር አለው፤ 90 በመቶው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። 40 በመቶው ግን ያታልላል፣ ደብዘዝ ያለ መስመር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በጠርዝ ብቻ አትለፊው፤ ዓመቱን አንብቢ። ከተጠራጠርሽ መዝኚ፦ 90 በመቶው 12.50፣ 40 በመቶው 11.50፣ ተራው 11.34 ግራም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፔኒ (ባለ 1 ሳንቲም)፣ ዳይም (ባለ 10) እና ኳርተርስ (ባለ 25)? ዕቃውንም የሚነግረኝ ባገኝ።

መልስ (ሚኒያፖሊስ)

ዳይም በፍጥነት ይፈተሻል፤ በጠርዝ ብቻ 50 ጥቅል ያልቃል፣ ግን ካርቶኑ 250 ዶላር ነው፣ ባዶውም ይበዛል። ሲልቨር ዳይም 2.50፣ ተራው 2.27 ግራም። ኳርተር ውስጥ ሲልቨር እምብዛም የለም፤ የሚፈለገው ደብልዩ ፊደል ያለበት የ2019 እና የ2020 ኳርተር ነው። ዌስት ፖይንት የታተሙ ናቸው፤ በዓመት አምስት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 2 ሚሊዮን። ፊደሉ በዋሽንግተን ምስል በኩል፣ ከአንገቱ አጠገብ ነው። የ2004-ዲ ዊስኮንሲን ኳርተርንም እዪ፤ በቆሎው ላይ ትርፍ ቅጠል ያለበት ይፈለጋል።

ፔኒ ብርቅ ሳንቲም ለሚወድ ከሁሉም የበለጸገ ነው፤ 25 ዶላር 2,500 ፍሬ። እስከ 1958 ያለው ባለ ስንዴ (ጀርባው ላይ የስንዴ ዘለላ ያለበት)፣ የ1943 ብረት፣ የ1972 እና የ1995 ድርብ ጽሑፍ፣ የ1984 ድርብ ጆሮ ሊንከን። ለዝውውር የሚሆን የመጨረሻው ፔኒ ፊላደልፊያ ላይ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ታትሟልና ካርቶን ማዘዝ ከቀድሞው ሊከብድ ይችላል፤ ባንኩን አስቀድመሽ ጠይቂ። በፔኒ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድርብ ጽሑፍ ነው። እውነተኛው ድርብ በሁለቱም ፊደል ላይ ክብ፣ ሙሉና የተከፈለ ጫፍ አለው። ዝርግ ደረጃ የመሰለ፣ ፊደሉን ያቀጠነ ከሆነ ማሽኑ ሲመታ ነቅነቅ ብሎ ያመጣው ነው፤ ዋጋ የለውም። የቆረቆዘ፣ የተፋቀ፣ መኪና የሄደበትንም እንደ ስህተት ሳንቲም አትቁጠሪው። የዘመኑ ዚንክ ፔኒ ቆዳው ሲያብጥና ሲቆስልም ብልሽት ነው።

መዳብ ፔኒ ማከማቸትን አልመክርም። ከ1982 በፊት ያለው 3.11፣ ከዚያ ወዲህ ያለው 2.5 ግራም ስለሆነ መለየቱ ቀላል ነው (1982 ላይ ሁለቱም አለና መዝኚ)። ነገር ግን ፔኒና ኒክል ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ይዞ ከአገር መውጣትም የተገደበ ነውና ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣ ውስጥ አትሙሉት።

ዕቃውን በተመለከተ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን የኪስ ሚዛን፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ በጎን የሚበራ የጠረጴዛ መብራትና ፎጣ ይበቃሻል። ሚዛኑን በየጊዜው ባልተነካ አዲስ ኳርተር ፈትኚው፤ 5.67 አካባቢ ካላነበበ ባትሪውን ቀይሪ ወይም አስተካክዪው። በኮምፒዩተር የሚታይ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ለጀማሪ አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ ሲያጎላ ጭረት ሁሉ ስህተት ይመስላል።

ማስቀመጫ ላይ ግን አትሰስቺ። ለስላሳው፣ የሚታጠፈውና የፕላስቲክ ሽታ ያለው ኪስ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት አውጥቶ ሳንቲሙን ይበላዋል። የካርቶን ባለ መስኮት መያዣ ርካሽ ነው፤ መስኮቱ ማይላር (ፒቪሲ የሌለበት ፕላስቲክ) መሆኑን እዪ፣ የስቴፕለሩን ጫፍ በፒንሳ ዝርግ አድርጊው፣ ካልሆነ ጎረቤቱን ይቧጭራል። ለሲልቨር ክምችት ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ይሻላል፤ መጠኑን በሚሊሜትር ግዢ፦ ዳይም 17.9፣ ፔኒ 19.05፣ ኒክል 21.2፣ ኳርተር 24.3፣ ግማሽ ዶላር 30.6። ዓመት በዓመት ለመሙላት የዊትማን ሰማያዊ የሳንቲም ማኅደር ለፔኒና ለኒክል ይበቃል። ዓመትና ፊደል ለማጣራት የሳንቲም ደረጃ ሰጪው ድርጅት የፒሲጂኤስ ድረ ገጽ ኮይንፋክትስ በነጻ ይታያል።

መልስ (ሲያትል)

አትጠቡት። በኮምጣጤም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም። ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል፣ ዋጋውም ይወድቃል። የፒቪሲ ቅባት ካለው ብቻ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳያሹ ማውጣት ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ሽቶና ዘይት አለበትና አይሆንም። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ።

ለመሸጥ ሁለት ሦስት የሳንቲም ሱቅ በአንድ ቀን ጠይቁ። ያገለገለ 90 በመቶ ሲልቨር በፊት ዋጋ 1 ዶላር 0.715 ትሮይ አውንስ (የከበረ ማዕድን መመዘኛ) ሲልቨር ይይዛል፤ የዕለቱን የሲልቨር ዋጋ በዚህ አባዙና ሱቁ ከዚያ ስንት እንደሚቀንስ እዩ። የጦርነት ኒክል 0.056፣ ባለ 40 በመቶው ግማሽ ዶላር 0.148 አውንስ አለው፤ ሁለቱም ለማጣራት ስለሚያስቸግሩ ቅናሹ ይበዛል፣ አትደንግጡ። ለፒሲጂኤስ ወይም ለሌላው ደረጃ ሰጪ ለኤንጂሲ ለደረጃ መላክ የሚያዋጣው ሳንቲሙ ከክፍያውና ከፖስታው ብዙ እጥፍ ሲያወጣ ነው፤ ተራ የስንዴ ፔኒ አይላክም።

ወደ ግማሽ ዶላር ካርቶን ስታድጉ ደግሞ በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ወይም ስታወጡ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሳንቲምም ይቆጠራል። ሪፖርቱ ምንም ጉዳት የለውም። ከእሱ ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ግን ራሱ ወንጀል ነውና ያላችሁን በአንዴ አስገቡ።