ዲለሩ የለጠፈው የታርጋ ፍሬም ያሳስራል የሚባለው እውነት ነው እንዴ? (ፍሎሪዳ)

የማታ_ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ባለፈው ወር ያገለገለ ኮሮላ ገዛሁ እዚሁ ፍሎሪዳ፣ ዲለሩ (መኪና ሻጩ) የራሱን ስም የጻፈበት ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ፍሬም ታርጋው ላይ አስሮ ነው የሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ልብም አላልኩትም። ከትናንት ወዲያ ማታ ኡበር እየሠራሁ ፖሊስ ከኋላዬ መጥቶ መብራቱን አበራብኝ፣ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር፣ ፍጥነት መስሎኝ ነው፣ ለካ ፍሬሙ ነው። ወርደህ እይ አለኝና ባትሪውን ታርጋው ላይ ሲያበራው ከላይ ማይፍሎሪዳ ዶት ኮም የሚለው ግማሹ የለም፣ ከታች የካውንቲው ስም ጭራሽ ተውጧል፣ በቀኝ በኩል ላይ ያለው የዓመቱ የምዝገባ ስቲከር ደግሞ ጠርዙ ተነክሷል። በዋርኒንግ ለቀቀኝ፣ ጨዋ ሰው ነበር፣ ግን «በሚቀጥለው እንዲህ ላይሆን ይችላል» ብሎኝ ሄደ።

ጓደኛዬን ስነግረው አዲስ ሕግ ወጥቷል 60 ቀን እስር አለው አለኝ። ለፕላስቲክ?! ሌላው ደግሞ ተወው ባክህ መንገድ ላይ ካለው መኪና ግማሹ ፍሬም አለው ይላል። የቱን ልመን? ደግሞ የባንዲራ ፍሬም ኦንላይን አዝዤ ነበር፣ እሱንስ ልሰረው ወይስ ይቅር? የባለቤቴ መኪና ላይ ደግሞ ታርጋውን ሙሉ የሚሸፍን መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ አለ፣ ሁሉም ነገር ከጀርባው ይነበባል፣ እሱም ችግር አለው?

ዝምብለህ_ንዳ

ወንድሜ አታካብድ። ስምንት ዓመት ዲለር ባሰረልኝ ፍሬም ነድቻለሁ ማንም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ፖሊሱ ቀኑ ከብዶት ነው።

አንባቢው

@ዝምብለህ_ንዳ ያንተ ስምንት ዓመት ሕጉ ከመቀየሩ በፊት ነው እኮ። ሰውን እንዳታሳስት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሎሪዳ ድሮም ታርጋ መሸፈን ክልክል ነበር፣ ግን ተራ የትራፊክ ጥፋት ነበር፣ ከፍለህ ትገላገላለህ። ከኦክቶበር 1 2025 ጀምሮ ግን ወደ ወንጀል አሳደጉት፣ የሁለተኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል)፣ ጣሪያው 60 ቀን እስር እና 500 ዶላር። ጓደኛህ ቁጥሩን አልተሳሳተም። ሰውን ያስደነገጠው ደግሞ አንቀጹ (320.061) የተጻፈበት አነጋገር ነው፣ ታርጋው ላይ ያለ «ማንኛውም» ጽሑፍ ወይም ምልክት እንዳይነበብ የሚያደርግ ነገር ታርጋው ላይም ሆነ ዙሪያው ማድረግ አይቻልም ነው የሚለው። ማንኛውም ካልክ የካውንቲውም ስም ይገባበታል፣ ታች ያለው ሰንሻይን ስቴት የሚለውም ይገባበታል፣ ስለዚህ እንደ ቃሉ ከሄድክ የአገሩ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው። እንደውም ደቡብ ፍሎሪዳ አንድ ሰው ፍሬሙ ታች ያለውን ጽሑፍ ጫፉን ስለሸፈነ ብቻ ታስሮ በኋላ ፖሊስ ጣቢያው ራሱ ስህተት ነው ብሎ ይቅርታ ጠይቆታል።

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ዲሴምበር 2025 ላይ የስቴቱ የመኪና ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለፖሊስና ለሸሪፎች ማብራሪያ ላከ። ፍሬም በራሱ ክልክል አይደለም፣ ሁለት ነገር እስካልሸፈነ ድረስ፣ አንደኛ የታርጋው ቁጥርና ፊደል፣ ሁለተኛ ቀኝ ላይ ያለው ስቲከር። በቃ ይኸው ነው። አሁን ያንተን እይ፣ የካውንቲው ስም መጥፋቱ ብዙም አያስፈራም፣ አንተን የሚያስይዝህ ስቲከሩ ነው። ጠርዙን ነክሶታል ብለሃል፣ ስለዚህ ፖሊሱ ከመሬት ተነስቶ አላስቆመህም።

ሚሚሻ

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ሰው ቅጣቱን ብቻ ነው የሚያስበው። ሲትዝንሺፕ ፎርም ላይ «ታስረህ ወይም ተከሰህ ወይም ቲኬት ተሰጥቶህ ታውቃለህ ወይ» የሚል ጥያቄ አለ። ተራ የፍጥነት ቲኬት ከፍለህ የጨረስከው ብዙም አያስጨንቅም፣ ሚስዲሚነር ግን የወንጀል ክስ ነው፣ ቢሰረዝልህ እንኳ መጨረሻውን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘህ መሄድ አለብህ። ስለዚህ ወረቀቱን ገና ያልጨረሰ ሰው ለአንድ ፕላስቲክ ብሎ እዚህ ውስጥ ምን አስገባው። ዛሬውኑ ፍታው።

የማታ_ሹፌር

እህቴ እሱን ስትነግሪኝ እንቅልፌ ጠፋ 😅 ግሪን ካርድ ላይ ነኝ እኮ። ዛሬ ማታ ሳልወጣ እፈታዋለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ፣ ፍሬሙን ያሰረው ዲለሩ፣ የሚቀጣው እኔ?

አንባቢው

መኪናውን የምትነዳው አንተ ስለሆንክ አዎ። ፖሊስ ማን አሰረው ብሎ አይጠይቅም። በፍርድ ቤት «አውቄ አላደረግኩም» ማለት ትችላለህ፣ ሕጉ እያወቀ የሚል ቃል አለበት፣ ግን አንድ ጊዜ ዋርኒንግ ከተቀበልክ በኋላ አላወቅኩም ነበር የሚለው አያስኬድህም፣ ለዚህ ነው ሚሚሻ ዛሬ ፍታው ያለችህ።

የባለቤትህን በተመለከተ፣ ሽፋኑ ከፍሬሙ የባሰ ነው። አንተ ቆመህ ታነበው ይሆናል፣ ካሜራ ግን ከጎንና ከላይ ነው የሚያነሳው፣ ብርሃን ሲመታው ያብለጨልጫል። የፍሎሪዳው ሕግ ከጎን ሲታይ መነበቡንና በካሜራ መቀረጽ መቻሉን ጭምር ነው የሚያየው። ደግሞ እነዚያ ቁልፍ ሲጫኑ የሚገለበጡ፣ ታርጋ የሚደብቁ ዕቃዎች አሉ አይደል፣ እነሱን መግዛትና መያዝ ብቻውን ሚስዲሚነር ነው፣ መሸጥ እስከ አንድ ዓመትና 1,000 ዶላር፣ ወንጀል ለመሥራት ከተጠቀምክበት ፈለኒ (ከባድ ወንጀል) ነው፣ እስከ 5 ዓመት። የባለቤትህ ፕላስቲክ እዚያ ደረጃ ደርሷል አልልም፣ ግን ለምን ትከራከርበታለህ።

ኤልኤ_ነኝ

ካሊፎርኒያ ሽፋን ከነጭራሹ አይፈቀድም፣ ግልጽ ይሁን ጥቁር ለውጥ የለውም። ፍሬም ይቻላል፣ ግን የፖሊስ ወይም የቶል (የመንገድ ክፍያ) ካሜራ እንዳያነብ ካደረገ እሱም ጥፋት ነው። እኔን ያገኘኝ ፊክስ ኢት ቲኬት የሚሉት ነው፣ ሽፋኑን ነቅዬ ፖሊስ አይቶ ፈረመልኝ፣ 25 ዶላር ለፍርድ ቤቱ ከፍዬ ተዘጋ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ እነዚህን መደበቂያዎች የሚያመርተውን ፋብሪካ በአንዱ ዕቃ 1,000 ዶላር ይቀጡታል፣ ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ፣ ታርጋ የሚደብቁት ሰዎች ቶል ለኛ እየመጣ ተቸግረን ነበር።

የዳላስ_ልጅ

ቴክሳስ ትንሽ ላላ ይላል። የስቴቱን ስም ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ከሸፈነ፣ ወይም ቁጥሩንና ፊደሉን ከነካ ጥፋት ነው፣ እስከ 300 ዶላር። ግን መጀመሪያ ፍርድ ቤት ከመቅረብህ በፊት አስተካክለህ ከሄድክ ዳኛው ሊሰርዝልህ ይችላል፣ የሚያስከፍልህ ከ10 ዶላር አይበልጥም። እኔ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ፣ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ነው ብዬ አሳየሁ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ የትም ስቴት ይሁን ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ከፈታህ በኋላም ደግመህ አንሳ።

ዝምብለህ_ንዳ

እሺ እሺ ተሸነፍኩ። ግን ለፍሬም ብሎ ሰው ማስቆም ምክንያት ፍለጋ ነው ባይ ነኝ፣ ዋናው የፈለጉት መኪናው ውስጥ ምን አለ የሚለውን ነው።

አንባቢው

እሱ ላይ ትክክል ነህ። 1996 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሬን በሚባለው ጉዳይ ወስኖታል፣ ትንሽም ብትሆን እውነተኛ የትራፊክ ጥፋት ካለች ፖሊስ ማስቆም ይችላል፣ በልቡ ሌላ ነገር ቢያስብም። ኢሊኖይ ደግሞ 2015 ላይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ኬዝ አለ፣ የመኪናው መጎተቻ ኳስ ታርጋውን ስለከለለች ፖሊስ ያስቆመው ሰው። ፍርድ ቤቱ ሕጉ ታርጋው ላይ ስለተያያዘ ነገር እንጂ ስለ መጎተቻ አያወራም አለ፣ ሰውየው ጥፋት የለበትም። ግን ሕጉ አሻሚ ስለሆነ የፖሊሱ ስህተት ምክንያታዊ ነው ተብሎ ማስቆሙም ፍተሻውም ጸደቀ። ልክ ሆነህም ልትቆም ትችላለህ ማለት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አትስጣቸው።

ጋሽ_ካቻቢቴ

ሁላችሁም ስለ ሕግ አወራችሁ፣ ልጁ ግን ገና አልፈታውም 😄 ስማኝ ልጄ። ብሎኖቹ ዝገው ከሆነ እንዳታስገድዳቸው፣ ጭንቅላቱ ይበላና መሰርሰሪያ ፍለጋ ትሄዳለህ። ዝገት የሚያላቅቅ ቅባት እፍ አድርግበትና አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተወው፣ ከዚያ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዘህ በደንብ ተጭነህ አዙር። ፍሬሙ ሲወጣ ታርጋው ይላላል፣ ምክንያቱም ብሎኑ ፍሬሙንም ቆጥሮ ነው የታሰረው፣ አጥብቀህ መልሰው አለዚያ በየጉድጓዱ ሲንኳኳ ይከርማል። የታርጋዋ መብራት መብራቷንም እያት፣ በሷም ያስቆማሉ።

ባንዲራውን ደግሞ ሳታስር ታርጋው ላይ አስደግፈውና ከኋላ ራቅ ብለህ ቆመህ እየው። ፍሎሪዳ ከ100 ጫማ መነበብ አለበት ይላል፣ ወደ 30 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ቆመህ ከላይ ተመልከተው፣ ወፍራም ፍሬም ከፊት ለፊት ሲያዩት ምንም አይልም፣ ከላይ ሲያዩት ግን የፊደሉን አናት ይቆርጠዋል፣ የቶል ካሜራ የሚያየው እንደዛ ነው። ቀጭኑ፣ ከላይ ጠርዝ የሌለው አይነት ከሆነ እሰረው።

የማታ_ሹፌር

ተፈታ! ሦስቱ ብሎን ወዲያው ወጣ፣ አራተኛው ግን ጋሽዬ እንዳሉት ነው፣ ቅባት ነፍቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነው የወጣው። ከፍሬሙ ሥር ያለው አቧራ አራት ማዕዘን ሠርቶ ተጋግሯል፣ ካውንቲያችን ስሙ አረንጓዴ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት። ከመፍታቴ በፊትም በኋላም ፎቶ አንስቻለሁ። የባለቤቴን ሽፋንም አብሬ ነቀልኩት፣ ፀሐይ አሽቶት ቢጫ ሆኗል ለካ፣ በየቀኑ ስለምናየው አላስተዋልነውም።

የባንዲራውን ለካሁት፣ ጎኑ ቀጭን ነው ግን ቀኝ ላይ ያለችው ጌጥ ስቲከሩ ላይ ትመጣለች። ጋሽዬ ያቺን ጥግ በመጋዝ ብቆርጣትስ?

ጋሽ_ካቻቢቴ

ብረት ከሆነ አትሞክር፣ ጠርዙ እጅህን ይቆርጥሃል፣ ቢቆረጥም አያምርም። መልሰውና ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለውን ቀጭኑን እዘዝ።