የአማቼ ሁለት አፍ ጠመንጃ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ያልተነካካ ነው ወይ?

የካስሉ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ካስል ነው። የባለቤቴ አባት ባለፈው ዓመት አረፉ። አዳኝ ነበሩ። ከተዉልን ዕቃ አንዱ አሮጌ የጀርመን ሁለት አፍ ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ናቸው። የባለቤቴ አጎት «የካይዘሩ (የጀርመን ንጉሠ ነገሥት) ዘመን ነው፣ ከ1900 በፊት የተሠራ፣ ውድ ነው» ይላሉ።

አፈሙዞቹ መሀል ላይ የአንድ የካስል ሱቅ ስም ተጽፏል። ከሥር በኩል ሦስት የተጠላለፉ ቀለበቶች ከ«ክሩፕ» ጋር፣ ዘውድና ከሥሩ «ኤን»፣ ዘውድና ከሥሩ «ደብሊው»፣ ክብ ውስጥ 16፣ ደግሞም «4 27» የሚል አለ። ቃታውን የሚከልለው ቅስት ከቀንድ ነው። የማንገቻ ቀለበትና የሰደፍ ጎማም አለው። ቀንዱና ቀለበቱ በኋላ የተጨመሩ ይመስለኛል። ብረቱ ትንሽ ዝጓል፣ ልወልውለው?

ሕግ አክባሪው
መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። ጀርመን ውስጥ ወራሽ ጠመንጃ ሲያገኝ ወዲያው ያሳውቃል፣ ውርሱን በተቀበለ በ1 ወር ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ዕድሜው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የካስሉ
አልቋል። የባለቤቴ ወንድም አዳኝ ስለሆነ በእሱ ስም ተመዝግቧል፣ እሱ ካዝና ውስጥ ነው ያለው።

ጋሽ መፍቻ
እኔ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የመካኒክነት ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ ከዙል ብዙም ሳይርቅ። ዙል ሲባል የጠመንጃ ከተማ ማለት ነው። ጠመንጃ ሠሪዎቹ ሳወርም መርክልም የተነሱት ከዚያው ነው።

አጎትየው ይቅር ይበሉኝና፣ ጠመንጃው ራሱ ልደቱን እየነገራችሁ ነው። «4 27» ማለት ሚያዝያ 1927 በፈረንጅ ነው። የተፈተሸበት ወር ነው፤ አፈሙዙ ላይ ከባድ ጥይት ተተኩሶበት፣ ችሎ፣ የተመታበት ማህተም። ጠመንጃው ተሠርቶ ሳይጨርስ ስለሚፈተሽ ሱቅ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘውዱም ያንኑ ይላል። የጀርመን የፍተሻ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1893 ነው። «ኤን» ጭስ አልባውን ባሩድ መቻሉን ነው የሚናገረው፤ ያ ማህተም የመጣው በ1910ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታዲያ ከ1900 በፊት እንዴት ይሆናል? ከ1940 ጀምሮ ደግሞ ዘውዱ ወርዶ ንስር ተተካ። «ደብሊው» አፈሙዙ ጫፉ ላይ ጠበብ ማለቱን ነው፤ ክብ ውስጥ ያለው 16 ደግሞ የአፈሙዙን ስፋት መለኪያ ነው። ቀለበቶቹ የክሩፕ ብረት ምልክት ናቸው፤ ብረቱን እንጂ ጠመንጃውን ክሩፕ አልሠራውም።

የሱቁ ስም እንዳያታልልህ። የዙል ባለሙያዎች ጠመንጃውን ያለ ስማቸው ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፣ ነጋዴው የራሱን ያስጽፍበታል። ሠሪውን ከፈለግህ ከሥር ያሉትን ትንንሽ ፊደላት በደንብ እይ።

አንድ ዘዴ ልጨምር፣ ለሌላም ጊዜ ይሆናችኋል። ጽሑፉ «ሴላ ሴንት ብላዚ» ካለ (ዙል አጠገብ ያለ የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ነው) ከ1919 በፊት ነው። በዚያ ዓመት ከሜሊስ ጋር ተዋህዶ ሴላ-ሜሊስ ሆኗል።

አዳኝዋ
ቀንዱና ቀለበቱ አልተጨመሩም! የጀርመን ባህል ነው። የቀንድ ቅስት ክረምት ላይ ጣት አያቀዘቅዝም፣ ማንገቻው ደግሞ እዚያ አዳኝ ብዙ ስለሚራመድ ነው። የእንግሊዝ ጠመንጃ ብቻ የለመደ ሰው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

እኔን የሚያጠራጥረኝ ጎማው ነው። ሰደፉ አጥሮ ይሆናል። በአፈሙዙ፣ በመሀሉ ብረትና በፊተኛው እንጨት ብረት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው? ትንንሾቹ ክፍሎች ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ቢኖሩ አትደንግጥ።

የካስሉ
ሦስቱም ላይ አንድ ነው።

ጋሽ መፍቻ
ጥሩ። አሁን የብሎኖቹን አናት እዩ። ያልተነካካ ከሆነ መፍቻ ያላበላሸው፣ ስንጥቁ ስስና ንጹህ ነው። የተፋቀ ብረት ደግሞ ጠርዙ ይሟሽሻል፣ የፊደላቱ ጫፍ ይደበዝዛል። ቀለሙ ፊደሎቹ ውስጥ ድረስ ድቡልቅ ያለ ጥቁር ከሆነ እንደገና ተቀብቷል።

መወልወሉን ተወው። በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃል። በአሸዋ ወረቀት የሚነካ ሰው ዋጋውንም ታሪኩንም አብሮ ይፍቀዋል። ብረት በቀለም የሚያጠቁር ሰው ጋ እንዳትወስዱት፤ በሙቅ ጨው የሚቀባው ዓይነት ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘውን ብየዳ ይበላዋል።

የካስሉ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የባለቤቴ ወንድም በመጪው ወቅት ሊተኩስበት ይፈልጋል። ዘመናዊው ባለ 16 ጥይት ገባለት፣ ልክ ልክ ብሏል።

አዳኝዋ
ቆይ! መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። የዚያ ዘመን የጀርመን 16 አብዛኛው ለ65 ሚሊሜትር ቀለሃ የተሠራ ነው፣ የዛሬው 70 ነው። 70 የሚባለው ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተዘርግቶ ነው። ሳይተኮስ አጭር ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የሚዘረጋው ጫፍ ጠባቡ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ይጨምራል። ጠመንጃ ሠሪ ጋ ወስዶ ጥይት የሚጎርስበትን ያስለካ፣ ግድግዳውም እንዳልሳሳ ይታይ።

የካስሉ
(ከሁለት ሳምንት በኋላ) አስለካን። 65 ነው። አፈሙዙ ደህና ነው ተባለ፣ 65 ጥይት አዘናል። ጎማው ሲፈታ ግን አዳኝዋ ያለችው ሆነ፦ ሰደፉ ተቆርጧል። አማቼ አጭር ሰው ነበሩ። አጎትየው አሁንም «ከ1900 በፊት ነው» እያሉ ነው።