ከብርዱ ወራት በኋላ አልነሳ ያለ የናፍጣ ትራክተር

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለ አራት ሲሊንደር፣ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ አሮጌ የናፍጣ ትራክተር አለኝ። የብርዱን ወራት በሙሉ መጠለያ ውስጥ ቆሞ ከርሞ አሁን ለእርሻ ላወጣው ብል አልነሳ አለ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ሞተሩን ያዞረዋል። ነገር ግን የመያዝ ምልክት የለውም፤ በጭስ ማውጫውም ምንም ጭስ አይወጣም። ሲቆም የነዳጅ ማጠራቀሚያው እስከ ግማሽ ናፍጣ ነበረው። አንዳንዶች በአየር ማስገቢያው በኩል ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል ማስነሻ ፈሳሽ) እንድነፋበት መክረውኛል፤ ሌሎች ደግሞ ፖምፓው ስለተበላሸ ይውረድ ይላሉ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የቱን ልመርምር?

የመጀመሪያ መልስ፦
ፖምፓውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ከጻፉት ሁሉ ዋናው ፍንጭ ጭስ አለመኖሩ ነው። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሳይቃጠል የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ነጭ ጭስ ያዩ ነበር፤ ምንም ካልታየ ግን ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድመው የሞተሩን ማጥፊያ ይመልከቱ። በገመድ የሚሳብ ከሆነ ዝጎ በተዘጋበት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ሲከፈት ፖምፓው ላይ ቀጭን የ«ጠቅ» ድምፅ መሰማት አለበት።

እርሱ ደህና ከሆነ ወደ ፊልትሮው ይሂዱ። ጎደሎ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ እርጥበት ያዝላል፤ ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ወደ ታች ይወርዳል። የፊልትሮውን ማፍሰሻ ፈትተው የሚወጣውን በብርጭቆ ይቀበሉና ጥቂት ያቆዩት፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካገኙ ደግሞ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸውና፣ ማጠራቀሚያውም ካልታጠበ አዲሱ ፊልትሮ ወዲያው ይደፈናል። ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ መስመሩ አየር መያዙ አይቀርም። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አላልተው፣ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ የእጅ ፖምፓውን ይግፉ፤ ከዚያ አጥብቀው በዋናው ፖምፓ ላይ ይድገሙት።

ሁለተኛ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም «ያዞረዋል» የሚለው ቃል አያሳምነኝም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ በሚያገኘው ሙቀት በመሆኑ፣ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ እየሸሸ ያልቃል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ባትሪው ሳይወርድ ሞተሪኖው ከዘገየ ግን የኬብሎቹን ጫፍ፣ በተለይም ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውን፣ ፈትተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ።

ኤተሩን ይተዉት። ማሞቂያ ካንዴላ ወይም የአየር ማሞቂያ ያለው ሞተር ከሆነ ኤተሩ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊሰብር ይችላል፤ ናፍጣ በማይደርሰው ሞተር ላይ ደግሞ በምንም መንገድ አይረዳም።

ከጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከፊልትሮው ከናፍጣው ይልቅ የሚበዛ ውኃ ወጣ፤ ዝልግልጉ ነገር ግን የለም። ፊልትሮውን ለውጬ አየሩን ካስወጣሁ በኋላ ነጭ ጭስ መውጣት ጀምሯል፤ ያዝ አድርጎ ግን ይጠፋል። ባትሪው ሲዞር 10.4 ያሳያል።

የመጀመሪያው መላሽ፦
ነጩ ጭስ መልካም ዜና ነው፤ ባትሪውም ይበቃል። የቀረው አየር ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች በሚሄዱት ቧንቧዎች ውስጥ ነው። በየኖዝሉ ላይ ያለውን የቧንቧ ዳዶ በትንሹ አላልተው፣ ማርሹ ነፃ መሆኑን አረጋግጠው፣ ናፍጣው እስኪንጠባጠብ ሌላ ሰው ሞተሩን ያዙርልዎት። እጅዎንና ፊትዎን ያርቁ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ይህ ዘዴ ለእንደርስዎ ዓይነት አሮጌ ሞተር እንጂ ኮመን ሬይል (ለኖዝሎቹ ሁሉ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት የሚይዝ የጋራ ቧንቧ) ላለው አይደለም፤ በዚያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ስለሚያልፍ መፍታቱ ለሕይወት ያሰጋል። ዳዶዎቹን አጥብቀው፣ ማሞቂያ ካለው በሚገባ አሙቀው ያስነሱት፤ ሞተሪኖውን ግን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያስጨንቁት።

ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዳግመኛ ከጠፋ፣ ከማጠራቀሚያው ናፍጣውን እስከሚስበው መጋቢ ፖምፓ ያለው መስመር አየር እየሳበ ነው። በዚያ በኩል ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ናፍጣ ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ደረቅ መሆኑ አያታልልዎት። ለጊዜው ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ቀጥለው አረፋ ማለፍ አለማለፉን ይመልከቱ።