ልጆቹን መዝኜ ጥፋት ሠራሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የስፖርት መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆችን ስፖርት አስተምራለሁ። አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ናቸው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ልጆች እየበዙብኝ ነው። እኔም ልርዳቸው ብዬ ሚዛን አመጣሁና አሰልፌ መዘንኳቸው። የሚመዘግበው ልጅ ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ ኪሎውን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አንዱ ጋ ስደርስ ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ የስፖርት ልብሱን «ይረሳል»። አራት ሳምንት ሙሉ! በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ይቅርታ ስጠይቀው «ችግር የለም ቲቸር» አለኝ። ችግር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጂም የለን፣ በጀት የለን። ሩጫ ሳስጀምር ደግሞ ወፈር ያሉት ይሸሹኛል። የሞከራችሁት ነገር አለ?

ጡረተኛው አሠልጣኝ፦
አይዞህ ልጄ፣ እኔም በዘመኔ ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ። ለጊዜው ሩጫውን ተወው። ከባድ ልጅ ሲሮጥ መጨረሻ ይወጣል፤ ያንንም ሁሉም ቆሞ ያየዋል። እስቲ ገመድ ጉተታ አጫውታቸው። ቡድን ሲከፋፈሉ ማንን ቀድመው እንደሚመርጡ ታያለህ!

ፑሽ አፕም አሠራቸው። መሬት ላይ ያልቻለ ግድግዳ ተደግፎ ይጀምር፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከዚያ መሬት። ስንት እንደሠራ ራሱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አንተ አትጥራ። ሚዛኑንም መልስ።

ነርሷ፦
በአሠልጣኙ ሐሳብ እስማማለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አካባቢዎች፣ አትላስ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። 14 ትምህርት ቤቶች፣ 361 ወንዶች ልጆች፣ 20 ሳምንት። ውጤቱ የታተመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በክብደት በኩል ፕሮግራሙን ካልወሰዱት ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ግን የጡንቻቸው ብርታት ጨመረ፣ ስክሪን ላይ የሚያፈጡበት ሰዓት ቀነሰ፣ ጣፋጭ መጠጥም ቀነሱ። ስለዚህ ከሚዛን ተአምር አትጠብቅ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሲረዝም ኪሎውም አብሮ ይጨምራል፤ ኪሎ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። ያ በአንተ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይሞላም። በምሳ ሰዓት ራሳቸው ልጆቹ እየመሩ ቢያሠሩስ? አትላስም እንዲህ ያደርግ ነበር።

ስለ ምግብ ደግሞ ወደ ቤት «ይህን ግዙ» የሚል ወረቀት አትላክ፤ የቸገረው ቤት የሚገዛው ሆድ የሚሞላውን ርካሽ ነገር ነው። ይልቅ የግቢው ቧንቧ ውሃ ይወርዳል? 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ወደ 9 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ውሃ ከሌለ ግን ምን ይጠጡ?

የስፖርት መምህሩ፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሁለቱ ቧንቧዎች አንዱ ተበላሽቷል፤ ለርእሰ መምህሩ ነግሬያለሁ።

ገመዱን ከጥበቃው ተዋስኩ። ልጁ ዛሬም ልብስ አላመጣም። ቡድን ሲከፋፈሉ ግን ሁለቱም ወገን ስሙን ጠራ። ተነሳ፣ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀና ከመጨረሻ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቆመ። ጃኬቱን አላወለቀም።

ጋሼ፣ ገመዱ መዳፋቸውን እየላጠው ነው። እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?