የውሃ ሞተር ተሰረቀብኝ፤ የተጠርጣሪን ጠባይ ጽፎ ለፖሊስ መስጠት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ሽንኩርት አምራች
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሰፈራችን ሦስት የውሃ ሞተር ጠፋ። የመጨረሻው የእኔ ነው። ሰው ሁሉ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ላይ ጣቱን ቀስሯል። ብቻውን ይውላል፣ ወሬ አያበዛም፣ ሲመሽ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል። ጎረቤቴ «ፈረንጅ አገር ፖሊስ ጠባይ አይቶ ወንጀለኛ ያወጣል፤ ጽፈህ ስጣቸው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሳይኮሎጂ የተማረች
ነገሩ አለ፤ ጎረቤትህ ግን ገልብጦታል። መርማሪው የሚነሳው ከድርጊቱ ነው። መቼ ተፈጸመ? በምን? ምን ተትቶ ተሄደ? ከዚያ «እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ስም አያወጣም፤ ፍለጋውን ያጠብባል። በተለይ ለተከታታይ ግድያና አስገድዶ መድፈር ነው የሚጠቀሙበት።

ኒውዮርክን ለዓመታት በፈንጂ ያሸበረውን ሰው ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1956 ጄምስ ብራስል የተባለ የአእምሮ ሐኪም «ስትይዙት ደረቱ ላይ የሚደራረብ ኮት ለብሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ ነው» ብሏል ይባላል። ኮቱ እንደተባለው ሆነ። ሰውየውን ያስገኘው ግን ሌላ ነው፤ ድሮ ይሠራበት የነበረው የመብራት ኩባንያ ጸሐፊ አሮጌ የሠራተኞች ፋይል ስታገላብጥ አገኘችው።

መልስ፦ ጠበቃ ነኝ
ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 አንዲት እናት ተገደለች። ፖሊስ «ገዳዩ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚለው መግለጫ ይገጥመዋል» ብሎ አንድ ብቸኛ ሰው ላይ ተጣበቀ። ሰላይ ፖሊስ ሳይቀር አስጠጋበት። ዳኛው በ1994 ማስረጃውን ውድቅ አደረጉት። እውነተኛው ገዳይ በፍርድ ቤት ያመነው በ2008 ነው። እኛም አገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል። ዝም ማለት ወንጀል አይደለም።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ
ሌባሻይ ተመለሰ በሉኛ! ድሮ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። እናንተ ደግሞ መድኃኒቱን ራሳችሁ ጠጣችሁት 😄

መልስ፦ ጡረተኛ መርማሪ
ወንድሜ፣ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ሌባው ሥራ ጻፍ። ሦስቱም የጠፉት በምን ሌሊት ነው? የንግሥ ዋዜማ ከሆነ የሰፈሩን ውሎ የሚያውቅ ሰው ነው። ብሎኑ ተፈታ ወይስ ቱቦው ተቆረጠ? የፈታው መፍቻ ይዞ መጥቷል፤ ጊዜም ነበረው። ውሻው ጮኸ? ዱካው ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ውሃው? በጀልባ የወጣ ሞተር መንገድ ላይ ሲፈለግ ይከርማል። ሦስታችሁም አንድ ላይ አመልክቱ፤ ተለያይታችሁ ከሄዳችሁ መዝገቡም ይለያያል። ከሁሉ በፊት ግን የሞተሩን ሴሪያል ቁጥር አምጣ።

ሽንኩርት አምራች
እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑ ቤት አለ፤ ቁጥሩም ተለጥፎበታል። የእኔ ብሎን ተፈትቶ ነው፣ የጎረቤቴም እንደዚያው። ነገ አብረን እንሄዳለን። ልጁ ግን ትናንት ሻይ ሲጋብዘኝ አልጠጣም ብዬው ነበር። አሁን በምን ፊት ልየው?